የአቶ ባምላኩ መጋዘን ይከፈት ያለው ማን ነው?

ትሪየስቴ፣ መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለበዛብህ፤

እመቤታችን አንተንም ልጆችህንም በጥላዋ ታኑርልኝ። እንደ ልጅ ያሳደጉህን የአባባን ጉልበት ሳምልኝ። አባባ በስልክ የተነገረ ነገር ምስክር የለውም ስለሚሉ ይኸው ቁም ነገሩን በወረቀት አደረግሁት። ቀስ ብለህ፣ ጮክ ብለህ አንብብላቸው።

እንደምታውቀው እዚህ የምሠራው ወደቡ አጠገብ ካለ የቡና መጋዘን ነው። ከጅማም ከሊሙም ከእናንተም ዘንድ የመጣው ጆንያ በእጄ ያልፋል። ከእኛ ወረድ ብሎ ብዙ ዘመን ተዘግተው የኖሩ የድሮ መጋዘኖች አሉ። አንዱን ዘንድሮ አድሰው ከፈቱት። እኔን የገረመኝ አለማፍረሳቸው ነው። የድሮውን የጣራ ወራጅ አውርደው፣ የበሰበሰውን ቆርጠው ጥለው፣ ደህናውን መልሰው ሰቀሉት። ዛሬ ግማሹ የሰፈሩ ልጆች የሚያነቡበት፣ ግማሹ ሽማግሌዎች ካርታ የሚጫወቱበት ሆኗል። ይህን የሠራው ማኅበር ቡና ከሚበቅልበት አገር አንድ አሮጌ መጋዘን መርጦ በዚሁ መንገድ ማደስ ይፈልጋል። የሚጠይቁት ያለው ዕቃ በከንቱ እንዳይጣል፣ ጥቅሙ ለአካባቢው ሰው እንዲደርስና ባለቤቱ እንዲፈቅድ ነው። እኔም ሚዛን አማን ተዘግቶ የኖረ የአባቴ የቡና መጋዘን አለ አልኳቸው።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ግማሹ የቡናውን ጫካ ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች ማደሪያ ይሁን፤ ግማሹ ቡና የሚቀመስበት ቤት ይሁን። የሰፈሩ ልጅ አስተናጋጅ ሆኖ ይቀጠራል፤ ጥቅም ማለት ይኸው አይደል። አባባ ይፍቀዱልኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቁልፉ ማን ዘንድ ነው? ባለፈው ከሚዛን የመጣ ሰው ግቢው ውስጥ ጎመን ተተክሎ አየሁ አለኝ። ጎመን አልጠላም። ማን እንደተከለው ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።

እህትህ የዓለምዘርፍ


ሚዛን አማን፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ ለእትዬ የዓለምዘርፍ፤

የሰማይና የምድር ጌታ ጤናሽን ያብዛልሽ። እኛ በቸርነቱ አለን። ጋሼም አሉ፤ ጆሯቸው ከመክበዱ በቀር ምግባቸውም ቁጣቸውም ደህና ነው።

ጎመኑን የተከልኩት እኔ ነኝ። ከጋሼ ጋር የምንበላው ከአንድ ማዕድ ስለሆነ እሳቸውም በልተውታል። ቁልፉ እንደ ድሮው ከአንገታቸው አይወርድም፤ ገላቸውን ሲታጠቡ እንኳ አያወልቁትም። ስለዚህ መጋዘኑ ውስጥ ከገባሁ ስንት ዘመኔ ነው። በቀዳዳ አጮልቄ እንዳየሁት በምሥራቅ በኩል ያለው ቆርቆሮ ዝጎ ወንፊት ሆኗል። የኋላዎቹን ምሰሶዎች ምስጥ ጀምሯቸዋል፤ የፊቶቹ ደህና ናቸው። የቡና መፈልፈያው ማሽን በቆመበት አለ።

ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ድገመው ብለው ሁለተኛ አስነበቡኝ። ከዚያ ቃል በቃል ጻፍ ብለው ያዘዙኝ ይህ ነው፦ «አይከፈትም። እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም አይከፍተውም። ስሞት ቆርቆሮውን ሽጡት፣ ምሰሶውን ፍለጡት። ፈረንጅ የሚመጣው ለመሬቱ ነው እንጂ ለጣራው አይደለም። እሷም ሴት ልጅ ናት፤ መጋዘን ምን አገባት።»

እትዬ፣ ቅር እንደሚልሽ አውቃለሁ። እኔ ጸሐፊ ነኝ እንጂ በነገሩ ያልኩት የለም። እማማ ጥሩነሽ፣ ጎረቤታችን፣ ሰላም ብለውሻል።

ወንድምሽ በዛብህ


ትሪየስቴ፣ ግንቦት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወንድሜ በዛብህ፤

ደብዳቤህን ያደረሰልኝ አምላክ ይመስገን። ሰላምታህን ተቀበልኩ፤ የቀረውን መቀበል ግን አስቸገረኝ።

የጠረጠርኩህ ቃል በቃል ጻፍ አሉኝ ስትል ነው። እውነቱን የሚጽፍ ሰው እንዲህ አይምልም። አባባ ቁጡ መሆናቸውን አውቃለሁ። ግን ያን መጋዘን ራሳቸው ጫካ ገብተው፣ ግንዱን በእጃቸው እያንኳኩ መርጠው ነው ያሠሩት። ምሰሶውን ፍለጡት ይላሉ ብዬ አላምንም። ፍለጡት የሚለው ሌላ ሰው ነው። ከአባባ በኋላ መጋዘኑ ለማን እንደሚቀር አንተም እኔም እናውቃለን፤ እኔ ሳልሰማ ቢፈርስ ማን እንደሚጠቀምም መገመት አያቅተኝም። ቅር አይበልህ። የባምላኩ ልጅ ነኝ፤ መጠርጠርን የተማርኩት ከእሳቸው ነው።

ደብዳቤዬን እንደገና አንብብላቸው። በዚህ ጊዜ እማማ ጥሩነሽ ባሉበት ይሁን።

ሌላው ለአንተ ብቻ ነው። በሰኔ መጨረሻ ልቤን ቀዶ ጥገና ሊያደርጉልኝ ነው። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ወራት መደንገጥም መናደድም ክልክል ነው ብሎኛል። ለአባባ እንዳትነግራቸው። ስለ እኔ ከጠየቁ ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶባት ነው በላቸው።

የዓለምዘርፍ


ሚዛን አማን፣ መስከረም 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ ለእትዬ የዓለምዘርፍ፤

ዘመኑን ያሻገረን ጌታ አዲሱን ዓመት የጤና ያድርግልሽ። ከሞት አፋፍ መልሶ ለዚህ ያበቃሽ ስሙ ይክበር። መጻፍ የነበረብኝ ቀደም ብዬ ነበር። ክረምቱ ከበደብን፤ መንገዱም በናዳ እየተዘጋ ፖስታው ይዘገይ ነበር።

ጋሼ ሰላም ብለውሻል። ትንሽ ደከም ብለዋል፤ ከቤት አይወጡም። ስለ ልብሽ እንዳልሽኝ አልነገርኳቸውም።

ደብዳቤሽን በተመለከተ ነገሩ ተለውጧል። መጋዘኑ ይከፈት ብለዋል። የእንግዳ ማደሪያ ግን አይሁን አሉ። የፊተኛው ግማሽ የተበላሸውን ፍሬ ከቡናው እየለዩ የሚለቅሙት ሴቶች ዝናብ ሳይመታቸው ተቀምጠው የሚሠሩበት ይሁን፤ ጥጉ ላይ ለልጆቻቸው ክፍል ይከለል። የኋለኛው ግማሽ ትንሽ ትንሽ ቡና ያላቸው ገበሬዎች ከነገለፈቱ የደረቀውን ጀንፈላቸውን የሚያስቀምጡበት ይሁን፤ ማስቀመጫ አጥተው ነው በቡና መሰብሰቢያው ሰሞን በርካሽ የሚጥሉት። ከጣራው የሚወርደው ውሃም ተጠራቅሞ ሰፈሩ ይቅዳው።

ለአንቺ ደግሞ እንዲህ በልልኝ አሉ፦ «ልጄ፣ እጄ የደከመበትን ሥራ ያነሳሽው አንቺ ነሽ። ወንድ ልጅ አልወለድኩም ብዬ ያዘንኩበትን ዘመን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ክፈቺው፤ ምርቃቴ ይከተልሽ።»

ራስሽን ጠብቂ። ስልክ መደወሉ ይቅርብሽ፤ እሳቸው አይሰሙም፣ ኔትወርኩም ያስቸግራል።

ወንድምሽ በዛብህ


ትሪየስቴ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ በዛብህ፤

የላኩልኝን ምርቃት እግዚአብሔር ለአባባ በዕድሜ ይመልስላቸው። ደብዳቤህን አውቶቡስ ውስጥ ነው ያነበብኩት። አልቅሼ መውረጃዬን አለፍኩ፤ አንዲት የማላውቃት ሴት መሐረብ ሰጠችኝ። በአምሳ ሁለት ዓመቴ ከአባቴ አፍ የምፈልገውን ቃል አገኘሁ።

እቤት ገብቼ ስረጋጋ ግን እንደገና አነበብኩት። በዛብህ፣ አባባ ልጄ ብለውኝ አያውቁም። ሲጠሩኝ «አንቺ» ነው፤ ሲቆጡ ደግሞ «የእናትሽ ልጅ» ነው። ለለቃሚዎቹስ ከመቼ ወዲህ አዘኑ? ቡና ያሾልካሉ ብለው ወደ ውስጥ አላስገባቸውም ያሉ ሰው ናቸው። ሴቶቹ ከነልጆቻቸው ከጣራው ጠርዝ ሥር ተቀምጠው ዝናቡ እግራቸውን እየመታቸው ሲለቅሙ እያየሁ ነው ያደግሁት። ሲወጡም የቀሚሳቸው ጫፍ ይፈተሽ ነበር። ዕድሜ ቢያለሰልሳቸው ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሙሉ በሙሉ ግን አላሳመንኩትም።

ማኅበሩ በሐሳቡ እጅግ ተደስቷል፤ ከእኔ የእንግዳ ማደሪያ ይልቅ የእሳቸው ሐሳብ በለጠባቸው። ጅማ ያለው ወኪላቸው ዕቃና ባለሙያ ይዞ ይመጣል። ሐኪሙም ድነሻል፣ ሥራሽን ጀምሪ ብሎኛል። ስለዚህ አሁን ከአባባ ጋር በስልክ አገናኘኝ። ባይሰሙም ድምፃቸውን እሰማለሁ።

እዚህ ለተብርሃን የምትባል የአማን ሴት አለች፤ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን። ባለፈው እሑድ ከሰው ጋር እያወራች ደረስኩ፤ ሲያዩኝ ወሬውን ቆረጡት። ከዚያ እቅፍ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ያዘችኝ። ስለ መጋዘኑ የሰማችው ነገር እንዳለ ገባኝ። ምን እየተወራ ነው?

የዓለምዘርፍ


ሚዛን አማን፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ፤

ሰላም የሚሰጥ አምላክ ልብሽን ያሳርፍልሽ። የልደት በዓል በጤና ያግኝሽ።

ሥራው ተጀምሯል። የኋላዎቹን ምሰሶዎች ምስጥ የበላው ታች ታቹን ብቻ ነው፤ የተበላውን ቆርጠን በድንጋይ መሠረት ላይ አቆምናቸው። ከቁራጩ ደህና ደህናውን አዲሱ የሚባለው አናጢ ለልጆቹ ክፍል አግዳሚ ሠራበት። የምሥራቁን ቆርቆሮ አውርደነዋል። ዝገት ያልነካውን ለይተን የግድግዳውን ታች አለበስንበት። መሐል ጣራው ላይ ብርሃን የሚያስገባው ቆርቆሮ ይገባል፤ ሴቶቹ የተበላሸውን ፍሬ ለይተው እንዲያዩ ብርሃን ያስፈልጋቸዋል። ጋሼም ድንጋዩ ይቅደም ብለው መክረውናል።

የለቃሚዎቹ አለቃ ማራናታ የምትባል የቤንች ልጅ ናት። ሴቶቹን ይዛ ጭቃ ታቦካለች፣ ታስለስናለች። እስካሁን ይሠሩበት የነበረውን የነጋዴ ግቢ ለቀው ወጥተዋል፤ ለጊዜው የዕድሩን ድንኳን ተክለንላቸዋል። ማኅበሩ አሸንዳውንና የቀረውን ቆርቆሮ ቶሎ እንዲልክ ንገሪያቸው። የበልጉ ዝናብ ሳንከድነው ከመጣ የቆመውም ምሰሶ ይበላሻል።

ጋሼን ወደ ቴፒ ወስጃቸዋለሁ፤ እህቴ ሰርካዲስ ቤት ናቸው። የቴፒ ሙቀት ለአጥንታቸው ይስማማል። በስልክ ያላገናኘሁሽ ስለዚህ ነው። ለተብርሃን ሰው ወዳድ ሴት ናት፤ እቅፏን በሌላ አትተርጉሚው።

ወንድምሽ በዛብህ


ትሪየስቴ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

በዛብህ፤

እግዚአብሔር ለሁላችንም እውነቱን ያውጣው። ከዚህ የረዘመ ሰላምታ ዛሬ የለኝም።

ቴፒ ናቸው አልክ። ቴፒ ደወልኩ። ሰርካዲስ ስልኩን አንስታ አባባ ገላቸውን እየታጠቡ ነው አለችኝ። በማግስቱ ስደውል ተኝተዋል አለች። ሦስተኛ ጊዜ ስደውል ልጇ አነሳውና «ጋሼ ሚዛን ናቸው» ብሎ ዘጋው። አንድ ሽማግሌ በአንድ ሳምንት ስንት ጊዜ ይመላለሳል? ውሸት መዋሸት ካልቀረ እንኳ እርስ በርስ ተነጋገሩ።

አሁን የማስበውን ልንገርህ። አባቴን ከእኔ አሽሽተሃል። መጋዘኑን ለማራናታና ለሴቶቿ ሰጥተሃል፤ በምን እንደሰጠሃቸውና ማራናታ ለአንተ ምንህ እንደሆነች አንተ ታውቃለህ። ከመስከረም ጀምሮ በአባቴ ስም የሚመጣው ቃል ሁሉ ያንተ ነው። እሳቸው እንዲህ አይናገሩም። አምሳ ዓመት ያልመረቁኝ ሰው በአንድ ክረምት አይቀየሩም።

ስለዚህ የካቲት ሳያልቅ የአባቴን ድምፅ አሰማኝ። ካላሰማኸኝ ባለቤቱ አልፈቀዱም፣ ሥራው ይቁም ብዬ ለማኅበሩ እጽፋለሁ። ጣራው እንደተከፈተ ቢቀር፣ ዝናብ ቢገባው፣ ሴቶቹም ሜዳ ላይ ቢቀሩ ጥፋቱ ያንተ ነው። እኔ ብቻዬን እየተታለልኩ የሰፈር በጎ አድራጊ አልሆንም።

የዓለምዘርፍ


ሚዛን አማን፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፤

ይህን ፎቶ አንስቼ በስልክ ልኬልሻለሁ፤ ፖስታ በጊዜው አይደርስም። ሰላምታ ሳላስቀድም መጀመሬን ይቅር በይኝ።

ለማኅበሩ ከመጻፍሽ በፊት እሑድን ጠብቂ። እሑድ ማለዳ ለተብርሃንና ቄሱ ቤትሽ ይመጣሉ። በሩን ክፈቺላቸው። ሥራ እንዳትገቢ። የልብ መድኃኒትሽን ቁርስ በልተሽ ውሰጂ።

እግዚአብሔር ያበርታሽ።

በዛብህ


ትሪየስቴ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

በዛብህ፤

የአባቴን ነፍስ በቅዱሳኑ አጠገብ ያኑራት። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለብሼ ነው የምጽፍልህ።

በሩን ስከፍት ለተብርሃን ከኋላዋ ሰባት ስምንት ሰው አስከትላ ቆማለች፤ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። ቃል ሳይናገሩ ገባኝ። ካለቀስኩ በኋላ መቼ ነው ብዬ ስጠይቅ ለተብርሃን መሬት መሬት አየች። ሐምሌ፣ በሥላሴ ማግስት አለችኝ።

ሐምሌ ነው ያረፉት። እንግዲያው በመስከረም ሰላም ያለኝ ማን ነው? በታኅሣሥ ድንጋዩ ይቅደም ያለው ማን ነው?

መደበቁን አልነቅፍም። መርዶ በወረቀት አይነገርም፣ ከቀዶ ጥገና ለወጣ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይነገርም። እኔም ለሌላ ሰው አድርጌዋለሁ። ለልቤ ብለህ ደህና ናቸው ማለትህ ወግ ነው። ይከፈት አሉ ማለትህ ግን ወግ አይደለም። ሐኪሙ ድነሻል እንዳለኝ በጥቅምት ጽፌልሃለሁ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ምን ስትጠብቅ ነበር? ጣራው እስኪያልቅ?

አንተን ብቻ እየወቀስኩ አልቀርም። የአገሬ ሰው ነኝ። ሰው ከስልክ ሲጠፋ፣ ለተብርሃን አቅፋ ሳትለቀኝ ስትቀር ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። እኔ ግን ሌባ ነህ ብሎ ማሰቡ ቀለለኝ። አንተ ሌባ ከሆንክ አባቴ በሕይወት አሉ ማለት ነዋ።

ለማኅበሩ ይቁም ብዬ አልጻፍኩም። ይቀጥል ብዬም አልጻፍኩም። አሁን ባለቤቷ እኔ ነኝ፤ ከመወሰኔ በፊት አንድ ነገር ንገረኝ። የትኛው ቃል የአባቴ ነው? የትኛው ያንተ ነው? ምርቃቱስ?

የዓለምዘርፍ


ሚዛን አማን፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ እትዬ የዓለምዘርፍ፤

የሐዘንተኞች አጽናኝ እሱ ያጽናሽ። ለይተህ ንገረኝ ስላልሽኝ ለይቼ እነግርሻለሁ።

አይከፈትም ያሉት ጋሼ ናቸው። ምሰሶውን ፍለጡት፣ ሴት ልጅ መጋዘን ምን አገባት፣ ይሄ ሁሉ የእሳቸው ነው። ያኔ ፈጠርከው ብለሽ የሰደብሽኝ ደብዳቤ እውነተኛው ነበር። አንድ ቃል አልጨመርኩበትም፤ እንዲያውም አንዱን ትቼዋለሁ። ከመስከረም ወዲህ ያለው ግን በሙሉ የእኔ ነው። ልጄ የሚለውም፣ ምርቃቱም የእኔ ነው።

እንዴት እንደሆነ ስሚኝ። ጋሼ ያረፉ ዕለት ዝናቡ አላባራ አለ። የዕድሩን ድንኳን ንፋስ ገለበጠው፤ ለቀስተኛው ጭቃ ላይ ቆመ። የምንጠለልበት ሲጠፋ ቁልፉን ከአንገታቸው ፈትቼ መጋዘኑን ከፈትኩት። ሰው ሁሉ ገባ። ለቃሚዎቹ ግን በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ግቡ ብላቸው ማራናታ «እኛ እዚህ ገብተን አናውቅም እኮ» አለችኝ። እጇን ይዤ አስገባኋት። ሦስቱን ቀን ሙሉ ጆንያ አንጥፈው ተቀመጡ፤ ማታ ማታ በቤንችኛ እየዘመሩ አጽናኑን። የምሥራቁ ጣራ እያፈሰሰ ሰው ወደ ምዕራቡ ተጠጋግቶ፣ ሕፃናቱ መፈልፈያው ሥር ተኝተው አየሁ። ለቅሶው ሲያበቃ በሩን መልሼ ልዘጋ ሄድኩ። እጄ እምቢ አለኝ።

ከዚያ ለአንቺ መልስ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ጋሼ ሰላም ብለውሻል ብዬ መጀመር ግዴታዬ ነበር። ሰላም ያለ ሰው ደግሞ ለተጠየቀው መልስ መስጠት አለበት። አይከፈትም አሉ ብል በቁማቸውም አላመንሽኝም። ይከፈት አሉ ብዬ ጻፍኩ። ምርቃቱን ሳላስበው ነው የጻፍኩት። ከሐኪም ቤት የወጣሽ ሰው ነሽ፤ አንቺ የምትፈልጊውን ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ። እሳቸው ሳይሰጡሽ ሄዱ፤ አሳዘንሽኝ።

ከጥቅምት በኋላ ለምን አዘገየህ ላልሽው፣ ለጣራው ብዬ ነው። ለተብርሃን ልንገራት ስትለኝ ቆዪ ያልኳት እኔ ነኝ። መርዶውን ሰምተሽ ሥራውን ብታስቆሚ ሴቶቹ ሜዳ ላይ ይቀራሉ ብዬ ፈራሁ። ይሄ በደል ነው፤ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ለሌላው ግን አልጠይቅም። ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶባት ነው በላቸው ብለሽኝ የለ? ጋሼ በመጨረሻዎቹ ቀናት ለምን አትጽፍም እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ሥራ በዝቶባት ነው አልኳቸው። ያንቺንም ውሸት እስከ መቃብር አድርሻለሁ።

መጋዘኑ ከበልጉ በፊት ተከድኗል፤ በነበረን ቆርቆሮ አብቃቅተን ነው። አሸንዳው ይቀራል። ሴቶቹ በሩ ላይ የጋሼን ስም እንጻፍ፣ እሳቸው ናቸው የፈቀዱልን እያሉ ቀለም አዘጋጅተዋል። ምን ልበላቸው?

ወንድምሽ በዛብህ


ትሪየስቴ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ በዛብህ፤

እግዚአብሔር በቸር ያገናኘን።

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ለብዙ ቀን ተናድጄብህ ነበር። ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልበረደልኝም። አባቴ ሳይመርቁኝ መሞታቸውን ስትነግረኝ ሁለተኛ መርዶ ነው ያረዳኸኝ፤ የመጀመሪያውን መርዶ ሰው አብሮኝ ነበር፣ ይሄኛውን ግን ብቻዬን ነው የሰማሁት። ለምን እንደጻፍከው ይገባኛል። የገባኝ ነገር ግን አልቀለለኝም።

ለማኅበሩ ጽፌአለሁ። ባለቤቱ ማረፋቸውን፣ ወራሽ እኔ መሆኔንና እኔ መፍቀዴን ነግሬአቸዋለሁ። አሸንዳውና የጣራው ውሃ የሚጠራቀምበት ሮቶ ይላካል። የፊተኛው ግማሽ ለሴቶቹ፣ የኋለኛው ለገበሬዎቹ፣ እንዳልከው ይሁን። ያልከው አንተ ነህና በራስህ ስም ሴቶቹ ፊት ቆመህ ንገራቸው። የአባቴን ስም በሩ ላይ እንዳይጽፉ። እሳቸው አይከፈትም ብለዋል፤ የከፈትነው እኛ ነን። በሕይወት እያሉ ያላሉትን አናግረሃቸዋል፤ ሞተው ደግሞ ያልሠሩትን አናሸክማቸውም። ማራናታ ከተቀየመች እኔ ነኝ የከለከልኩት በላት። ስለ እሷ የጻፍኩትንም አንብብላት፤ ሰድቤያታለሁና ይቅርታዬን በዚያው አድርስልኝ።

ለሙት ዓመቱ በሐምሌ እመጣለሁ። እስከዚያ መጋዘኑ እንዳይመረቅ። ጥብጣብም ባለሥልጣንም አልፈልግም። እናንተ ያለቀሳችሁበት ቦታ ቁጭ ብዬ ለቅሶዬን ልጨርስ፤ እኔ አባቴን ገና አልቀበርኩም። ሴቶቹ ይምጡልኝ፣ እማማ ጥሩነሽም ይምጡ። አንተ አጠገቤ ትቀመጣለህ። ከመጀመሪያው ደብዳቤ የተውከውን ቃል ያኔ ትነግረኛለህ። እንዳታለዝበው። ክፉም ቢሆን የእሳቸው ነው።

እህትህ የዓለምዘርፍ ባምላኩ